ምዕራፍ 6፦ አንዲት አሻንጉሊት ስንት ሰዓት ትበላለች?

በመስከረም 2007 ዓ.ም. ለንደን ውስጥ ቦንሃምስ የተባለው የጨረታ ቤት አንዲት የጀርመን አሻንጉሊት በ242 ሺህ 500 ፓውንድ ሸጠ። እንግሊዝ አገር መኖሪያ ቤት የሚገዛ ገንዘብ ነው። አሻንጉሊቷን የሠራት ዋልተርስሃውዘን በምትባለው የጀርመን ከተማ የነበረው ካመር እና ራይንሃርት የተሰኘ ድርጅት ነው፤ ጊዜውም በፈረንጅ አቆጣጠር 1909 ገደማ። ጭንቅላቷ ፖርሴሊን፣ ዓይኖቿ ቀለም የተቀቡ፣ ፊቷም እንደ ደህና ልጅ ፊት ቁጥብ ነው። ወርቅ የላትም፣ አልማዝ የላትም።

ያን ሰሞን ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ባለው አገር በቆሎው እሸት ነው። የዚያ አገር ልጅ ደግሞ እናቷ ካላየቻት ገና ፍሬ ያልያዘ በቆሎ ትቀጥፍና ጢሙን ጸጉር ታደርገዋለች፣ ትጎነጉነዋለች፣ ገላውን በእራፊ ጠቅልላ ታዝለዋለች። እሸቱ ሲያልፍ ቆረቆንዳ አለ፣ ቆረቆንዳ ሲጠፋ እንጨትና ጨርቅ አለ። የዚህችኛዋ አሻንጉሊት ዋጋ ባዶ ነው። ከመሸም ጥጃ ይበላታል፣ ወይም እሳት ውስጥ ትገባለች፤ ነገ ሌላ ትሠራለች።

በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት ለማስረዳት ብዙ ሰው ቶሎ የሚያነሣው የዕቃውን ጥራት ነው። ፖርሴሊን ከቆረቆንዳ ይበልጣል ይላል። ይህ አያስኬድም። የፖርሴሊን ጭቃ ርካሽ ነው፣ ጥጥ ርካሽ ነው፣ የሸክላ አፈር ደግሞ ከጓሮ ይቆፈራል። በእጅ በተሠራ አሻንጉሊት ዋጋ ውስጥ የዕቃው ድርሻ ብዙ ጊዜ ትንሽ ነው። የተቀረው የሰው ሰዓት ነው፤ በአሻንጉሊት ላይ ደግሞ ሰዓት የሚባክንበት መንገድ ከሌላው የእጅ ሥራ የተለየ ነው።

ትንሽ ነገር ትንሽ ሥራ ይፈልጋል ብሎ ማሰብ የተለመደ ነው። አንድ ሜትር ከስልሳ አምስት የምትረዝም ሴት የምትለብሰውን የሐበሻ ቀሚስ ሠላሳ ሳንቲ ለምትረዝም አሻንጉሊት እንሥራ እንበል። ጨርቁ በጣም ያንሳል፤ እውነት ነው። ነገር ግን ክሩ አብሮ አይቀጥንም። ለሰው ጋቢ የተፈተለ ማግ አሻንጉሊት ላይ ሲሆን ገመድ ይመስላል፤ ጨርቁም ደርቆ ይቆማል እንጂ አይወርድም። ስለዚህ ክሩ እንደ ገና፣ ቀጥኖ መፈተል አለበት።

ፈትል የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ጥጡ በመዳመጫ ይዳመጣል፣ ፍሬው ይወጣል፤ ከዚያ በደጋን ይነደፋል፤ ባዘቶ ይሆናል፤ ባዘቶው በእንዝርት ይፈተላል፤ ልቃቂት ይሆናል። ሸማኔ ዘንድ ከመድረሱ በፊት ያለው ይህ ሁሉ በጎጃም ገጠር የሴት ሥራ ነው፣ ከሌላው የቤት ሥራ በተረፈ ሰዓት የሚሠራ። ሸማኔው በቀናት የሚጨርሰውን ጋቢ ፈታይዋ ለሳምንታት ስታዘጋጀው ቆይታለች። ዛሬ በብዙ ቦታ ድሩ የፋብሪካ ክር ነው፣ ማጉ ብቻ የእጅ ፈትል፤ ምክንያቱም ድር ጥንካሬ ይፈልጋል፣ የእጅ ፈትል ደግሞ ጊዜ ይወስዳል። ክሩ በቀጠነ ቁጥር ያው ግራም ጥጥ የሚወስደው ሰዓት ይጨምራል፣ መበጠሱም ይበዛል፤ በተበጠሰ ቁጥር መቀጠል አለ።

ከዚያ ጥለቱ ይመጣል። የጥበብ ሸማኔ ድሩን እየቆጠረ ያነሣል፣ ባለ ቀለሙን ክር በጣቱ ያስገባል፣ ይመታል፣ እንደ ገና ይቆጥራል። በሴቲቱ ቀሚስ ላይ ስምንት ሳንቲ የሚሰፋ ጥለት በአሻንጉሊቷ ላይ አንድ ሳንቲ ተኩል ሊሆን ነው። ያው መስቀል፣ ያው አንጓ፣ ያው የቀለም ቁጥር በዚያች ሳንቲ ተኩል ውስጥ መግባት አለበት። ቆጠራው አልቀነሰም፤ የቀነሰው የሚቆጠረው ነገር መጠን ነው፣ ያም ለዓይን መርዝ ነው። አንዳንዱ ሸማኔ እንዲህ ያለውን ሥራ ከነአካቴው አይቀበልም፤ ቢቀበልም ከትልቁ ጥለት እኩል ያስከፍላል፣ ትክክልም ነው።

አብዛኛው አሻንጉሊት ሠሪ ስለዚህ መንገዱን ያሳጥራል። ከትልቅ ነጠላ ላይ ጥለቱን ቆርጦ በአሻንጉሊቷ ቀሚስ ጠርዝ ላይ ይለጥፋል። ከሩቅ ሲታይ ደህና ነው። ቀረብ ሲሉ ግን ጥለቱ እስከ ጉልበቷ ይደርሳል፣ መስቀሉ ከፊቷ ይበልጣል፣ የተቆረጠው ጠርዝ ይፈታል። ሰብሳቢ የሚባለው ገዢ አስቀድሞ የሚያየው ይህንን ነው። ለአሻንጉሊቷ ተብሎ የተሸመነ ጥለትና ተቆርጦ የተለጠፈ ጥለት ሁለት የተለያዩ ዕቃዎች ናቸው፤ ዋጋቸውም አይገናኝም።

ጨርቅን ትተን ወደ ሸክላ እንሂድ፤ በአማራ ክልል ውስጥ ከሁሉ ይልቅ የታወቁት ሰው መሰል የእጅ ሥራዎች ሸክላ ናቸውና። ከጎንደር ከተማ ወደ ሰሜን ጥቂት ኪሎ ሜትር ወጣ ብሎ ወለቃ የምትባል መንደር አለች። የቤተ እስራኤል ሴቶች እዚያ ጀበናና ምጣድ ይሠሩ ነበር፤ ቱሪስት መምጣት ሲጀምር ደግሞ በእጅ መዳፍ የሚያዙ ምስሎችን አበዙ፦ እንስራ ያዘለች ሴት፣ የዳዊት ኮከብ ያለበት አንበሳ፣ አንድ አልጋ ላይ የተኙ ሰሎሞንና ንግሥተ ሳባ። የመጨረሻው ገዢን ያስቃል፤ ያስገዛልም።

እንደነዚህ ያሉ ምስሎች ሲሠሩ አፈሩ ተቆፍሮ ይደርቃል፣ ይደቆሳል፣ ይነፋል። ከዚያ ከተሰበረ ሸክላ የተፈጨ ገል ይገባበታል። ገሉ ለማብዛት አይደለም፤ ጭቃው ሲደርቅ እንዳይሰነጠቅና በእሳት እንዳይፈነዳ ቀዳዳ ይከፍትለታል። ተቦክቶ ያድራል። ምስሉ በእጅ ይወጣል፤ ክንዱ ለብቻ ተድቦልቡሎ ይጣበቃል። ችግሩ እዚህ ይጀምራል። ቀጭኑ ክንድ በአንድ ቀን ይደርቃል፣ ወፍራሙ ገላ ገና ርጥብ ነው። ጭቃ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ አንዱ ተኮማትሮ ሌላው ካልተኮማተረ መጋጠሚያው ላይ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ክንዱን በርጥብ ጨርቅ መሸፈን፣ ከጥላ ወደ ጥላ ማዛወር፣ መጠበቅ ያስፈልጋል። ገላው ጠፈፍ ሲል በለስላሳ ጠጠር ይታሻል፤ ያ አንጸባራቂነት ቀለም አይደለም፣ የጠጠሩ ምልልስ ነው።

እሳቱ ደግሞ ምድጃ አይደለም። ኩበትና እንጨት መሬት ላይ ይደረደራል፣ ምስሎቹ መሐሉ ይገባሉ፣ ጭድ ይለብሳሉ። እንዲህ ያለ እሳት ሙቀቱ ቶሎ ይወጣል፣ ቶሎ ይወርዳል፣ ነፋስም ያዛባዋል። ገላው ውስጥ የቀረ ውሃ ካለ እንፋሎት ይሆንና ምስሉን ከውስጥ ያፈነዳዋል፤ የፈነዳውም ስብርባሪ አጠገቡ ያለውን ይሰብራል። ቀይ ምስል ጥቁር እንዲሆን ከተፈለገ በመጨረሻ በጭድ ይታፈናል፣ ጭሱ ገላው ውስጥ ይገባል። ሸክላ ሠሪዋ ይህን ሁሉ ጨርሳ አመዱን ስትበትን ነው ምን እንደተረፈላት የምታውቀው። የተሰበረው አይሸጥም፤ የተሰበረው የወሰደው ሰዓት ግን ወደ ተረፉት ዋጋ መግባት ነበረበት። «ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች» ይባላል። ለተረት ጥሩ ነው፤ ለሒሳብ ግን አይሆንም።

የአውሮፓ ፖርሴሊን ሠሪዎች ያው ችግር ነበረባቸው፣ በሌላ መልክ። ጭንቅላቱ ከጀሶ በተሠራ ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ይፈስሳል፣ ይደርቃል፣ ከ1,200 ዲግሪ በላይ በሆነ እሳት ይጠበሳል፣ ሲጠበስም ጉልህ ሆኖ ይኮማተራል። ከዚያ የጉንጩ ቅላት፣ ከንፈሩ፣ ቅንድቡ እየተቀባ እንደ ገና ይጠበሳል፤ ደማቅ ቀለም በአንድ ጊዜ አይመጣም፣ ስስ በስስ ይደራረባል። አራት ጊዜ እሳት የገባ ፊት በአምስተኛው ቢሰነጠቅ አራቱም ቀርተዋል። የዘመኑ የሬዚን አሻንጉሊት ሠሪም ከዚህ አላመለጠም፤ የሲሊኮን ቅርጽ ማውጫው ጥቂት ደርዘን ጊዜ ከተፈሰሰበት በኋላ ስለሚበላሽ ሌላ መሥራት አለበት።

ፋብሪካ ይህን ሁሉ የሚያመልጠው በአንድ ዘዴ ነው። ባርቢ በ1959 እ.ኤ.አ. ገበያ ስትወጣ ዋጋዋ 3 ዶላር ነበር። የብረቱ ቅርጽ ማውጫ ራሱ እጅግ ውድ ነው፤ ነገር ግን ወጪው ለመቶ ሺዎች አሻንጉሊቶች ይከፋፈላል። በዓመት ሃያ አሻንጉሊት የሚሠራ ሰው ወጪውን የሚያከፋፍለው ለሃያ ነው።

ታዲያ በእጅ የሚሠራ ነገር ድሮም በእጅ ይሠራ ነበር፤ ለምን ከዓመት ዓመት እየተወደደ ሄደ? ለዚህ ጥሩ መልስ የሰጡት የምጣኔ ሀብት ሰዎቹ ዊልያም ባውሞልና ዊልያም ቦወን ናቸው፣ በ1966 እ.ኤ.አ. ስለ ሙዚቃና ቴአትር በጻፉት መጽሐፍ። ነገሩ ሲጨመቅ እንዲህ ነው። አራት ሰዎች የሚጫወቱት ሙዚቃ ከሁለት መቶ ዓመት በፊትም አራት ሰውና ያንኑ ያህል ደቂቃ ይፈልግ ነበር፣ ዛሬም ይፈልጋል። በሌላው ሥራ ግን ማሽን ገብቶ አንድ ሰው የብዙ ሰው ሥራ ይሠራል፣ ደመወዙም ያድጋል። ሙዚቀኛው ሥራውን ጥሎ እንዳይሄድ የእሱም ክፍያ አብሮ ማደግ አለበት። ስለዚህ ሥራው ሳይለወጥ ይወደዳል።

ቡሬን እንመልከት። ቡሬ ድሮ ስሟ የሚነሣው በበርበሬዋና በገበያዋ ነበር። ዛሬ የተቀናጀ የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርክ አላት፤ ፊቤላ የምግብ ዘይት ፋብሪካም በ2013 ዓ.ም. ተመርቋል። ለእንዝርት የተቀመጠች ልጅ ፊት ለፊቷ ሌላ በር ከተከፈተ፣ የዚያ በር ደመወዝ የእንዝርቷም ዋጋ መለኪያ ይሆናል። እንዝርቱ አልፈጠነም፤ ሰዓቷ ግን ተወደደ። ፈታይ ጠፋ፣ ልቃቂት ተወደደ የሚሉ ሸማኔዎች ስንሰማ የምንሰማው ይህንን ነው። እኔ በበኩሌ ይህን እንደ ባህል ውድቀት የሚያለቅሱለትን ሰዎች ብዙም አልረዳቸውም፤ የፈትሉ ርካሽነት የተመሠረተው የሴቶች ሰዓት ምንም አያወጣም በሚል ሒሳብ ላይ ነበርና።

ሒሳቡን በቁጥር እንየው። ቁጥሮቹን ለማሳያ ያስቀመጥኳቸው እኔ ነኝ፤ አንባቢ የራሱን ቢተካ መንገዱ ያው ነው። ሠላሳ ሳንቲ የምትረዝም፣ ፈትሏ፣ ሽመናዋ፣ ፊቷ፣ ሹሩባዋ ሁሉ በእጅ የተሠራ አሻንጉሊት 40 ሰዓት ትውሰድ። ሰዓቱ በ60 ብር ቢታሰብ 2,400 ብር ነው። ከአምስት አንዷ ብትበላሽ የአራቱ ዋጋ የአምስተኛዋን መሸከም አለበትና 3,000 ይደርሳል። ለጥጥ፣ ለቀለም፣ ለመጓጓዣ 500 እንጨምር። አዲስ አበባ ቸርችል ጎዳና ያለው የቅርሳ ቅርስ ሱቅ ደግሞ ኪራይ ይከፍላል፣ አሻንጉሊቷም መደርደሪያ ላይ ወራት ልትቆይ ትችላለች፤ ዋጋውን እጥፍ ቢያደርግ አያስደንቅም። 7,000 ብር።

አሁን ያንኑ ሒሳብ ሰዓቱን በ5 ብር አድርገን እንድገመው። 200 ብር፤ ከብልሽት ጋር 250፤ ከዕቃው ጋር 750፤ ከሱቁ ትርፍ ጋር 1,500። አሻንጉሊቷ ያችው ናት። ከ7,000 ወደ 1,500 ያወረዳት አንድ ቁጥር ብቻ ነው፣ እሱም የሠሪዋ ሰዓት። ገዢ «ረከሰልኝ» ሲል ብዙ ጊዜ የረከሰለት ይህ ነው። መንገድ ዳር ያለውን ክርክርም ሰምተን እናውቃለን፦

«እናቴ፣ መጨረሻውን ንገሪኝ።»

«ኧረ ልጄ፣ የነገርኩህ መጨረሻው ነው፤ ጭቃ አይደለም እንዴ የሠራሁበት፣ ጣቴን እየው።»

«ጭቃ ከሆነማ ምን ያስወድደዋል?»

ሴትዮዋ ጣቷን ስታሳይ የምታቀርበው ደረሰኝ ነው። ገዢው የሚያነበው ግን ጭቃውን ነው፤ ሲቀንስም ከጭቃው የሚቀንስ ይመስለዋል።

ይህ እስካሁን ያልነው ሁሉ ግን የለንደኗን አሻንጉሊት አያስረዳም። እሷን የሠራት እጅ 242 ሺህ ፓውንድ የሚያወጣ ሰዓት አልፈጀባትም። የእሷ ታሪክ ሌላ ነው፤ በጥቂቱ ቀልድም አለበት። በዚያ ዘመን አሻንጉሊት ማለት ትልልቅ ዓይን፣ ቀይ ጉንጭና የማይለወጥ ፈገግታ ነበር። ካመር እና ራይንሃርት እውነተኛ ልጅ የሚመስሉ፣ የሚያኮርፉም የሚያስቡም ፊቶችን ሠርቶ ሞከረ። ገዢው ብዙም አልወደዳቸውም። ከተከታታዩ ውስጥ አንዳንዱ ጥቂት ብቻ ተሠርቶ ቆመ፤ ቁጥሯ 108 የሆነችው የጨረታዋ አሻንጉሊት ደግሞ ከዓይነቷ የምትታወቀው አንድ ብቻ ናት። በጊዜዋ ብዙ ያልተሠራች በመሆኗ ብርቅ ሆነች፣ ብርቅ በመሆኗ ተወደደች። ሠሪዎቹ ከዚያ ገንዘብ አንድ ሳንቲም አላገኙም።

ብርቅነት ግን ብቻውን ዋጋ አያመጣም፤ የቆረቆንዳዋም አሻንጉሊት አንድ ብቻ ናት። አንድ መሆኗን የሚያረጋግጥ መዝገብ ያስፈልጋል፦ አንገቷ ላይ የተመታ ቁጥር፣ የድርጅቱ ምልክት፣ የጨረታ ቤት ካታሎግ፣ ተከታታዩን ሲያጠኑ የኖሩ ሰብሳቢዎች። ጃፓን ይህን መዝገብ በመንግሥት ደረጃ ሠራችው። አሻንጉሊት ሠሪው ሂራታ ጎዮና ሴቲቱ ሆሪ ርዩጆ በ1955 እ.ኤ.አ. ሕዝቡ «ሕያው ብሔራዊ ሀብት» ብሎ የሚጠራውን ማዕርግ አገኙ። የጃፓን አሻንጉሊት ፊት ከኦይስተር ቅርፊት ዱቄትና ከሙጫ በተሠራ ነጭ ልባስ ደግሞ ደጋግሞ እየተቀባና እየተፋቀ የሚወጣ ነው፣ ሰዓት የሚበላ። ሰዓቱ ግን የማን ሰዓት እንደሆነ ይታወቃል።

በእኛ አገር የተጓደለው ይህ ይመስለኛል። ሸክላ ሠሪዋ፣ ቀጥቃጩ፣ ሸማኔው ዕቃቸው በየቤቱ እየገባ እነሱ ግን ከበር እንዲቀሩ ተደርገው ኖረዋል፤ ቡዳ ተብለዋል፣ መሬት ተከልክለዋል። ዐፄ ምኒልክ ባለ እጅን የሚሰድብ እንዲቀጣ አዋጅ እስከማስነገር ደርሰዋል። አዋጅ የተነገረለት ስድብ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደነበር መገመት ይቻላል። በዚያ ሁኔታ ሠሪዋ ስሟን ምስሉ ላይ ብትጽፍ ዋጋ አይጨምርላትም ነበር። ስለዚህ የወለቃ ምስሎች ስም የለሽ ናቸው። አንዷ ሴት ከሌላዋ ይልቅ የተዋጣላት ቀራጭ ብትሆንም ገዢው «የፈላሻ ሸክላ» ብሎ አንድ ላይ ይጠራቸዋል፣ ዋጋቸውም አንድ ላይ ይወርዳል።

ከዚያ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ዘመቻ ሰለሞን መጣ። በአንድ ቀን ተኩል ገደማ ከ14 ሺህ በላይ ቤተ እስራኤል ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ተጓዙ። ቀድሞም በ1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል የሄዱ ነበሩ። ወለቃ የቀድሞ ሠሪዎቿ የሌሉባት መንደር ሆነች። ምስል መሥራቱ ግን አልቆመም፤ ሌሎች ነዋሪዎች ያዙት፣ ፕሎሸር የተባለው የሴቶች የእጅ ሥራ ማሠልጠኛም እዚያው ሠርቷል። ዛሬ ከመንገዱ ዳር የሚሸጠው የእነሱ ነው። ከ1983 በፊት የተሠራና ከዚያ በኋላ የተሠራ ምስል ጎን ለጎን ቢቀመጡ የትኛው የትኛው እንደሆነ የሚያረጋግጥ ምልክት የለም። ብርቅነቱ መጣ፣ መዝገቡ ግን አልነበረም። እንደ ካመር እና ራይንሃርት አንገታቸው ላይ አንድ ቁጥር ቢመታባቸው ኖሮ ነገሩ ሌላ ይሆን ነበር፤ ጭቃው ርጥብ ሳለ በእሾህ ለመጫር የደቂቃ ሥራ ነው።

ውድ ዋጋ የተጠራበት አሻንጉሊት ሁሉ ዋጋው ይገባዋል ማለት አይደለም። ሰዓቱ በእርግጥ መዋሉን ለማወቅ ግን ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። ቀሚሷን ገልብጦ የጥለቱን ጀርባ ማየት ነው፦ አብሮ የተሸመነ ጥለት ከጨርቁ ጋር አንድ ነው፣ የተለጠፈው የስፌት መስመር አለው። ሹሩባዋ ከጭንቅላቷ ላይ ተተክሎ እንደሆነ ወይም እንደ ቆብ ተጣብቆ እንደሆነ ግንባሯ ላይ ይታያል። የሸክላ ምስል ከሆነች ክንዷ ከትከሻዋ ጋር የተገናኘበትን ቦታ በጥፍር ዳበስ ማድረግ፤ ስንጥቁ ካለ እዚያ ነው፣ በቀለም ተሸፍኖም ሊሆን ይችላል። ከዚያ ሥሯን ገልብጦ ስም መፈለግ። ከሌለ ሠሪዋን ስሟን ጠይቆ፣ ቀኑንም ጨምሮ፣ በወረቀት ጽፎ ከአሻንጉሊቷ ጋር ማስቀመጥ ይቻላል።